ከጥናቱ እስከ ድስቱ፦ የሥነ ምግብ ዕውቀትን ለሕዝብ የማቅረብ የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በሬዲዮና በቴሌቪዥን፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ ወይም በጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ ስለ ምግብና ጤና ለሕዝብ ለሚናገሩ የጤና ባለሙያዎች፣ ጋዜጠኞችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ነው። መነሻ ሐሳቡ አንድ ነው፤ ስለ ምግብ የሚነገር ሳይንስ ለአድማጩ የሚጠቅመው ምግብ የሚገዛው፣ የሚያበስለው ወይም የሚያቀርበው ሰው ነገ ሊያደርገው የሚችለው አንድ ድርጊት ሆኖ ሲቀርብለት፣ ያም ድርጊት ከኋላው ያለው ማስረጃ ከሚችለው በላይ ተስፋ ሳይሸከም ሲነገር ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በቅደም ተከተል ቢሠሩ ይመረጣል፤ ጊዜ ያጠረው ሰው ግን ሁለተኛውን፣ አራተኛውንና ሰባተኛውን ደረጃ በምንም ምክንያት መዝለል የለበትም።

ደረጃ 1፦ ለማን እንደሚናገሩ አስቀድመው ይወስኑ

በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናቶች መሠረት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት መካከል የቀነጨሩት፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያጠረው፣ በ2000 እ.ኤ.አ. 58 በመቶ ነበሩ፤ ቁጥሩ በ2016 ወደ 38፣ በ2019 ደግሞ ወደ 37 በመቶ ወርዷል። ከሦስት ሕፃናት ከአንድ በላይ የሚሆነው አሁንም በቂና የተመጣጠነ ምግብ ባለማግኘትና በተደጋጋሚ ሕመም ዕድገቱ በሚገታበት በዚህ አገር፣ በከተሞች ደግሞ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታና ከመጠን ያለፈ ውፍረት የየዕለት ጉዳይ ሆነዋል። ስለዚህ በአንድ የሬዲዮ ዝግጅት ላይ የ8 ወር ልጇ ክብደት አልጨምር ያላት እናት፣ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ጡረተኛና ከስፖርት ቤት ሲመለስ የፕሮቲን ዱቄት የሚገዛ ወጣት አብረው ያዳምጣሉ። ለእናቲቱ «የልጁ ገንፎ ላይ ቅቤ ወይም ዘይት ጨምሪበት» ማለት ተገቢ ምክር ነው፤ ጡረተኛው ይህንኑ ሰምተው ወደ ራሳቸው ወጥ ካዞሩት ግን ምክሩ ጉዳት ሆነ ማለት ነው።

መፍትሔው አድማጩን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ለይቶ መጥራትና መጨረሻ ላይ መድገም ነው። «አሁን የምነግራችሁ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ላሉ ሕፃናት ብቻ ነው» የሚል ግልጽ መግቢያ አሥር ሴኮንድ አይፈጅም። ከዚህ ጋር አብሮ መታየት ያለበት ጉዳይ ውሳኔው በማን እጅ እንዳለ ነው። አራስ ቤት ውስጥ እንገሩ ለሕፃኑ ይሰጥ ወይስ ታልቦ ይፍሰስ የሚለውን ብዙ ጊዜ የምትወስነው ወላዷ ሳትሆን አያት ወይም አማት ናት፤ ዶሮዋ የጣለችው እንቁላል ወደ ገበያ ይሂድ ወይስ ለልጁ ይቀቀል የሚለውም የባልና የሚስት ምክክር ነው። ለእናት ብቻ የተነገረ መልእክት ቤት ሲደርስ የሚቀረው ዕውቀት አንሷት ሳይሆን ሥልጣኑ ስለሌላት ሊሆን ይችላልና፣ አያቶችና አባቶች በስም ተጠርተው የሚነገራቸው ክፍል ይኑር።

ደረጃ 2፦ ማስረጃውን ከመናገርዎ በፊት ይመዝኑ

ይህ ደረጃ ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል፤ በምግብ ጉዳይ የሕዝብ አመኔታ የሚጠፋው አንድ ጥናት በወጣ ማግሥት የመጨረሻ ቃል ተደርጎ ሲነገርና ዓመት ሳይሞላ ሲገለበጥ ነውና።

ጥሩ ማሳያ የሚሆነው የእንቁላል ጉዳይ ነው። በኢኳዶር 163 ሕፃናትን ያሳተፈና በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ከ6 እስከ 9 ወር የሆናቸው ሕፃናት ለ6 ወር ያህል በየቀኑ አንድ እንቁላል ሲመገቡ እንቁላሉ ካልተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸሩ መቀንጨር በ47 በመቶ ቀንሶ መገኘቱን አሳየ። ዜናው በዓለም ዙሪያ ተሰማ። ነገር ግን ተመሳሳይ ሙከራ በማላዊ በ660 ሕፃናት ላይ ተደርጎ ውጤቱ በ2019 ሲታተም፣ እንቁላሉ በሕፃናቱ የቁመት ዕድገት ላይ በጥቅሉ ያመጣው ለውጥ አልታየም። የማላዊ ሕፃናት ቀድሞም ዓሣ የመመገብ ልማድ ነበራቸው፤ ሲጀመር የቀነጨሩትም ከኢኳዶሮቹ ያነሱ ነበሩ። የመጀመሪያውን ጥናት ብቻ አንብቦ «በቀን አንድ እንቁላል የልጅዎን ቁመት ይጨምራል» ብሎ የተናገረ ሰው አሁን ምን ይበል? ከመጀመሪያው «እንቁላል ጥሩ ፕሮቲን፣ ቫይታሚን ቢ12 እና ለአእምሮ ዕድገት የሚያስፈልግ ኮሊን ስላለው አቅም ከፈቀደ ለልጁ ይስጡት» ብሎ የነበረው ግን ከቃሉ ፈቀቅ ማለት አያስፈልገውም። በእኔ ግምት እንቁላልን መምከር እንደ ቀድሞው ትክክል ነው፤ ቁመትን መሸጥ ግን ያኔም ትክክል አልነበረም።

ማንኛውንም ጥናት ሲያነቡ ቢያንስ እነዚህን ነገሮች ይጠይቁ። ጥናቱ የተደረገው በሰው ላይ ነው፣ በአይጥ ላይ ነው ወይስ በቤተ ሙከራ ብርጭቆ ውስጥ? በሰው ከሆነ ስንት ሰው ለምን ያህል ጊዜ ተሳተፈ? ተሳታፊዎቹ በዕጣ ተለይተው ነው ምግቡን የበሉት ወይስ ራሳቸው የመረጡትን ሲበሉ ታዩ? ቡና የሚጠጡ ሰዎች ረጅም ዕድሜ እንደሚኖሩ የሚያሳይ የክትትል ጥናት፣ ቡና ጠጪዎቹ በገቢ፣ በሥራና በጤንነት ከማይጠጡት ይለዩ እንደሆነ ካልታወቀ ቡናውን ብቻ ምክንያት አድርጎ ለመናገር አያስደፍርም። በመጨረሻም የጥናቱን ወጪ የሸፈነው ማን ነው? የዱቄት ወተት አምራች ስለ ዱቄት ወተት ያስጠናው ጥናት በዚያ ብቻ ሐሰት አይሆንም፤ አድማጩ ግን ከፋዩን የማወቅ መብት አለው።

ትንሽ ጥናት ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል ለማስረዳት የጆን ቦሃነንን ተንኮል የመሰለ ምሳሌ አላውቅም። ጋዜጠኛው በ2015 እ.ኤ.አ. ከጀርመን ዘጋቢ ፊልም ሠሪዎች ጋር ሆኖ ቸኮሌት ክብደት ለመቀነስ እንደሚረዳ የሚያሳይ ጥናት አወጣ፤ በርካታ የዜና አውታሮችም ተቀባበሉት። ሙከራው በእርግጥ ተደርጓል፤ ውጤቱ ግን የተሰላው በ15 ሰዎች ላይ ሲሆን የተለካው ደግሞ 18 ዓይነት ነገር ነበር። በጥቂት ሰዎች ላይ ብዙ ነገር ከተለካ አንዱ በአጋጣሚ «ውጤት» መስሎ መውጣቱ አይቀሬ ነው፤ እርሱም ይህንኑ ለማጋለጥ ሆን ብሎ ያደረገው መሆኑን ኋላ ራሱ ተናገረ። ዜናውን ካሠራጩት መካከል የተሳታፊዎቹን ቁጥር የጠየቀ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ማስረጃውን ከመዘኑ በኋላ የሚጠቀሙበት ግሥ ሚዛኑን ይከተል። በተደጋጋሚ የሰው ሙከራ ለጸና ነገር «ይከላከላል» ማለት ይቻላል፤ ለምሳሌ ፎሊክ አሲድ ከእርግዝና በፊትና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲወሰድ የሕፃኑን የአከርካሪና የአንጎል አፈጣጠር ጉድለት በእጅጉ እንደሚቀንስ በ1991 እ.ኤ.አ. በታተመ ትልቅ ሙከራ ተረጋግጧል። የክትትል ጥናት ብቻ ላለው ነገር «ተያይዞ ታይቷል፤ ምክንያቱ ግን ገና አልተለየም» ይበሉ። በአይጥ ላይ ብቻ የታየን ነገር ደግሞ ለሕዝብ ባይናገሩት ይሻላል። ሁሉንም ራስዎ መመዘን ካልቻሉ በ2022 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው የኢትዮጵያ የአመጋገብ መመሪያና የዓለም ጤና ድርጅት ምክሮች አስተማማኝ መነሻዎች ናቸው።

ደረጃ 3፦ መቶኛውን ወደ ሰው ቁጥር ይመልሱ

በጥቅምት ወር 2015 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እንደ ቋሊማ ያሉ የተቀነባበሩ ሥጋዎችን ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች የመጀመሪያ ምድብ ውስጥ ሲያስገባ፣ በየቀኑ 50 ግራም መመገብ የትልቁ አንጀት ካንሰርን ዕድል በ18 በመቶ እንደሚጨምር ገለጸ። ብዙ ሰው የሰማው «ከበሉት 100 ሰዎች 18ቱ ካንሰር ይይዛቸዋል» ብሎ ነው። ትርጉሙ ይህ አይደለም። በአንድ አገር ከ100 ሰዎች 5ቱ በዕድሜ ዘመናቸው በዚህ በሽታ ይያዛሉ ብለን ብንነሣ፣ 18 በመቶ ጭማሪ ማለት 5ቱ ወደ 6 ገደማ ከፍ አሉ ማለት ነው። ስለዚህ መቶኛ ባዩ ቁጥር «ከስንት ላይ ተነሥቶ ስንት ደረሰ?» ብለው ይጠይቁ፤ ለሕዝብም ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ይንገሩ።

ምድቡም ማብራሪያ ይፈልጋል። ሲጋራና የተቀነባበረ ሥጋ በአንድ ምድብ መገኘታቸው ማስረጃው እኩል የጸና መሆኑን እንጂ ጉዳቱ እኩል መሆኑን አያመለክትም። «ታዲያ ቋንጣስ?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። የተቋሙ ፍቺ በጨው፣ በጭስና በመሳሰሉት እንዲቆይ የተደረገ ሥጋን ስለሚያካትት ቋንጣን ከዚያ ውጭ ነው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን የተጠቀሰው ቁጥር በየቀኑ 50 ግራም ለሚበላ ሰው ስለሆነ፣ ቋንጣ ፍርፍር አልፎ አልፎ የሚቀምስ ሰው በዚህ ዜና ምክንያት እንቅልፍ የሚያጣበት ነገር የለም።

ደረጃ 4፦ ግራሙን ወደ ማንኪያ፣ ምክሩን ወደ ድስት ያምጡ

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲጠቀም ይመክራል። በቤቱ ግራም የሚለካ ሰው ስለሌለ ምክሩ በዚህ መልኩ ለማንም አይጠቅምም። 5 ግራም ጨው በግምት አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ነው። ይህም ቢሆን በቂ አይደለም፤ የእኛ ሰው ጨውን የሚጨምረው በየሰው ሳህን ላይ ሳይሆን በድስት ውስጥ ነውና። ስለዚህ ስሌቱ በድስት ይሁን፦ አምስት አዋቂዎች ባሉበት ቤት የቀኑ ጨው በጠቅላላ ከአምስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ማለፍ የለበትም፤ በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ የተጨመረው ጨው፣ የዳቦውም ጨው ከዚሁ ላይ ይታሰባል። በተግባር ሲታይ «በርበሬ ሲያስፈጩ ጨው አይቀላቅሉ፤ ወጥ ሲሠሩ ብቻ ቀምሰው ይጨምሩ» የሚል አንድ ምክር ስለ ሶዲየም ከሚሰጥ የግማሽ ሰዓት ማብራሪያ የተሻለ ሥራ ይሠራል።

ከውጭ የመጡ ሥዕላዊ መግለጫዎችንም በጥንቃቄ ይጠቀሙ። የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት በ2011 እ.ኤ.አ. ፒራሚዱን ትቶ ያወጣው በአራት የተከፈለ ሳህን ግልጽ ሥዕል ነው፤ ነገር ግን ሥዕሉ እያንዳንዱ ሰው የየራሱን ሳህን ይዞ ይበላል ከሚል ግምት የተነሣ ነው። ቤተሰቡ በአንድ ትሪ ዙሪያ በሚቀመጥበትና እንጀራው ከሥርም ከላይም ባለበት ማዕድ «የሳህንዎን ግማሽ በአትክልትና በፍራፍሬ ይሙሉ» ቢባል እጁን የት እንደሚያሳርፍ የሚያውቅ የለም። በምትኩ «ሽሮ በሚወጣበት ትሪ ላይ ሁልጊዜ ጎመን ወይም ጥቅል ጎመን በካሮት ይኑር» ማለት ይቻላል። የትንሹን ልጅ ምግብ በተመለከተ ደግሞ የጋራ ትሪ የራሱ ችግር አለው፤ ትልልቆቹ ሲሻሙ ትንሹ ምን ያህል እንደበላ ስለማይታወቅ ለእርሱ ብቻ በተለየ ሳህን እንዲቀርብ ይምከሩ።

የምክንያቱ ማብራሪያ ከአንድ ዓረፍተ ነገር አይብለጥ፤ ነገር ግን አይቅር። ሰው ምክንያቱን ሲያውቅ ምክሩን ከራሱ ሁኔታ ጋር ያስማማዋል። «ምግብ እንደ በሉ ወዲያው ቡና ወይም ሻይ አይጠጡ፤ በእህልና በአትክልት ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያግዱታልና አንድ ሰዓት ያህል ያቆዩት» ማለት፣ በተለይ የደም ማነስ ላለባት ነፍሰ ጡር፣ ቡናን ሳያስጥል ሰዓቱን ብቻ ያዛውራል። ጎመንና ምስር ላይ ሎሚ ይጨመቅ፣ ቃሪያ ወይም ቲማቲም አብሮ ይቅረብ ሲባልም ምክንያቱ ቫይታሚን ሲ ብረቱን ሰውነት እንዲወስደው የሚያግዝ መሆኑ ነው። የጤፍ ሊጥ በእርሾ መብላላቱ ብረትን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት የተባለ ነገር እንደሚቀንስ ቢነገር ደግሞ አድማጩ ነባር ሙያው በሳይንስ የተደገፈ መሆኑን ሰምቶ ለሚቀጥለው ምክር ጆሮ ይሰጣል።

ደረጃ 5፦ የጾሙን ቀንና የኪሱን ልክ ይመልከቱ

በዐቢይ ጾም መግቢያ «ወተት፣ እንቁላልና ሥጋ ያዘውትሩ» የሚል ዝግጅት ማስተላለፍ ገንዘብ ማባከን ነው። የመልእክቱን የጊዜ ሰሌዳ ከጾሙ ጋር ያስማሙ፤ በጾም ወራት ስለ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ሰሊጥና ሱፍ፣ በፍስክ ስለ እንቁላልና ወተት ይናገሩ። በረመዳንም እንዲሁ ለኢፍጣርና ለሱሑር የሚስማማ ምክር ያዘጋጁ። ሕፃናት የመጾም ግዴታ እንደሌለባቸው እናቶች ቢያውቁም፣ የጾም ድስትና ማንኪያ እንዳይነካካ ሲሉ በጾም ወራት ለልጁም የፍስክ ምግብ የማይሠሩ ቤተሰቦች አሉ። እዚህ ላይ ከሃይማኖቱ ጋር መከራከር ተገቢም ጠቃሚም አይደለም፤ «ለልጁ አንድ ትንሽ ድስትና ማንኪያ ለብቻ ይለዩለት» የሚለው ምክር ችግሩን ይፈታል። የንስሐ አባት ይህንን ቢናገሩት ደግሞ ከባለሙያው ይልቅ ይሰማሉ።

ስለ ኪስ ሲነሣ ጓያን ማስታወስ ግድ ይላል። ጓያ ድርቅን ስለሚቋቋም ሌላው ሰብል ሲጠፋ የሚቀረው እርሱ ነው፤ ዋና ምግብ ሆኖ ለወራት ሲበላ ግን በውስጡ ያለው መርዛማ ንጥረ ነገር እግርን ሽባ ያደርጋል፤ ከደረሰ በኋላም አይመለስም። ሌላ የሚበላ ለሌለው ገበሬ «ጓያ አትብላ» ማለት ምክር አይባልም። ሊደረግ የሚችለው ጓያውን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት፣ ቀቅሎም ውኃውን መድፋት፣ ከእህልና ከሌላ ጥራጥሬ ጋር ቀላቅሎ መብላትና ለብቻው የዘወትር ምግብ አለማድረግ ነው። ጉዳቱን ሙሉ በሙሉ እንደማያስቀር፣ ነገር ግን እንደሚቀንሰው አብሮ ይነገር። ለማንኛውም ምክር «ይህን ማድረግ የማይችለው ማን ነው? ለእርሱስ ሁለተኛው አማራጭ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ያቅርቡ፤ እንቁላል መግዛት ለማይችል ቤት የምጥን ገንፎ ከክክ ዱቄትና ከዘይት ጋር፣ ቀጭን ከሆነው አጥሚት ይልቅ ከማንኪያ የማይፈስ ወፍራም ገንፎ ብሎ መምከር ይቻላልና።

ደረጃ 6፦ መልእክቱን ይጻፉ

አንድ መልእክት አንድ ድርጊት ይያዝ፤ ቢበዛ ከእርሱ ጋር የተያያዙ ሁለት ወይም ሦስት ትንንሽ ድርጊቶች ይከተሉት። ስለ ጨው የሚነገሩ ሁለት ምክሮች በየፊናቸው ሲነገሩ የሚጋጩ ስለሚመስሉ፣ «ጨው ቀንሱ» የሚለውንና «አዮዲን ያለው ጨው ተጠቀሙ» የሚለውን በአንድ የአንድ ደቂቃ ጽሑፍ ማስታረቅ ጥሩ ልምምድ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባወጣው ደንብ ለሰው ምግብ የሚቀርብ ጨው አዮዲን የተጨመረበት እንዲሆን ተደንግጓል፤ ነገር ግን ፋብሪካ የተጨመረው አዮዲን በፀሐይ፣ በእርጥበትና በረጅም መፍላት ስለሚቀንስ ቀሪው ሥራ የቤት ነው። ጽሑፉ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ይህ ምክር በየቤቱ ወጥ ለሚሠሩ ሁሉ ነው። ጨው ሲገዙ ማሸጊያው ላይ አዮዲን የሚል ጽሑፍ መኖሩን ይመልከቱ። ቤት ሲደርሱ ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ያስቀምጡት፤ ከምድጃውና ከፀሐይ ያርቁት። ወጡ ሊወርድ ሲል ጨውን ይጨምሩ፤ አዮዲን ብዙ ሲፈላ ይባክናልና። አዮዲን እንቅርትን ይከላከላል፤ በማሕፀን ላለ ልጅ አእምሮም ያስፈልጋል። ጨው አያብዙ፤ የሚጨምሩት ጥቂት ጨው ግን አዮዲን ያለው ይሁን።»

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ስለ ታይሮይድ ዕጢ፣ ስለ ሆርሞንና ስለ ማይክሮግራም አልተነገረም፤ ትክክል ስላልሆኑ ሳይሆን ድስቱ አጠገብ ለቆመ ሰው የሚያደርጉት ሥራ ስለሌላቸው ነው። ቪዲዮ ከሆነ ደግሞ እጅ፣ የጨው ዕቃና ክዳን ይታዩ፤ የተናጋሪው ነጭ ጋዋን ብዙ አይጨምርም። በአማርኛ የተሠራ ቪዲዮ አዲስ አበባ ላይ እንደማይቆምም ያስቡ። ዋሽንግተን ያለ ተመልካች ከሱቅ መደርደሪያ ላይ አዮዲን ያለውንም የሌለውንም ጨው ጎን ለጎን ስለሚያገኝ፣ «ማሸጊያውን ይመልከቱ» የሚለው ሐረግ ለእርሱ ይበልጥ ያስፈልገዋል።

ደረጃ 7፦ ከመልቀቅዎ በፊት በጥቂት ሰዎች ይፈትሹ

ጽሑፉን ለባልደረባዎ አያሳዩ፤ እርሱ ያውቀዋል። መልእክቱ የሚመለከታቸውን አምስት ወይም ስድስት ሰዎች፣ ለምሳሌ ልጆቻቸውን ለክትባት ያመጡ እናቶችን፣ በየተራ ያሰሙ። ሲጨርሱ «ገባዎት?» ብለው አይጠይቁ፤ ባለሙያን ላለማሳፈር በይሉኝታ «አዎ» ይባላል፤ የሚጠቅም መልስ ግን አይገኝም። ይልቁንም «ይህንን ለጎረቤትዎ ቢነግሩ እንዴት ብለው ይነግሯቸዋል?» ብለው ያስደግሟቸው። ቀጥለውም «ነገ ቤትዎ ይህንን ከማድረግ የሚያግድዎት ነገር ምንድን ነው?» ይበሉ። ከሁለተኛው ጥያቄ የሚወጣው መልስ ከሁሉም ይበልጣል። «ጨው መጨረሻ ላይ ከተጨመረ ክኩ ውስጥ አይገባም» የምትል የወጥ ባለሙያ ሴት ከመጣች ሥጋቷ የጣዕም መሆኑን ያውቃሉ፤ ምክሩንም «ክኩ ከበሰለ በኋላ ይጨምሩና ለጥቂት ደቂቃ ያንተክትኩት» ወደሚል ያስተካክላሉ። ሁለት ሰዎች በተመሳሳይ ቦታ ከተሳሳቱ ጽሑፉ ይለወጥ፤ ሰዎቹን ማስረዳት አይበቃም፤ በሬዲዮ የሚሰማውን ሁሉ ቁጭ አድርገው ሊያስረዱ አይችሉምና።

ደረጃ 8፦ ለወሬ መልስ ሲሰጡ ከእውነቱ ይጀምሩ

በ2020 እ.ኤ.አ. ኮሮና ሲገባ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚና ፌጦ ከበሽታው ያድናሉ የሚለው ወሬ ከቫይረሱ ቀድሞ በየቤቱ ደረሰ። የዓለም ጤና ድርጅት በወቅቱ ነጭ ሽንኩርት ጤናማ ምግብ መሆኑን፣ ነገር ግን ከኮሮና እንደሚከላከል የሚያሳይ ማስረጃ አለመኖሩን ተናግሯል። የዚህ መልስ አሠራር ልብ ይባል፤ ምግቡን አላናናቀም፤ የተጋነነውን ብቻ ቆረጠ።

«ሽፈራው የስኳር በሽታን ያድናል» የሚለውን ሲያስተባብሉ ወሬውን ርዕስ አያድርጉት፤ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ርዕሱን ብቻ ስለሆነ ያስተባበሉትን መልሰው ያሠራጩታል። በእውነቱ ይጀምሩ፦ የስኳር በሽታ በመድኃኒት፣ በአመጋገብና በእንቅስቃሴ ይመራል፤ መድኃኒት በራስ ውሳኔ አይቋረጥም። ቀጥለው ወሬውን አንድ ጊዜ ብቻ ይጥቀሱ። ከዚያ ለምን አሳማኝ መሰለ የሚለውን ያስረዱ፤ የሽፈራው ቅጠል በእርግጥም በደቡብ ኢትዮጵያ እንደ ጎመን የሚበላ ገንቢ ምግብ ነው፤ ነገር ግን ገንቢ መሆንና በሽታ ማዳን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መጨረሻ ላይ ወደ ድርጊቱ ይመለሱ፦ ቅጠሉን የሚወድ እንደ ምግብ ይብላው፤ መድኃኒቱን ግን ይቀጥል፤ በዱቄት ወይም በእንክብል መልክ የሚወስድ ለሐኪሙ ይንገር። ወሬውን ያመነውን ሰው አያሹፉበት። ሻጩን መንቀፍ ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ ቢኖርም ገዢው ተስፋ ፍለጋ የወጣ በሽተኛ ነው።

ደረጃ 9፦ ለጥያቄ ሲመልሱ ድንበርዎን ይወቁ

የቀጥታ ሥርጭት ላይ ደውለው «ስኳር አለብኝ፤ ጤፍ ብቻ ብበላ አይጎዳኝም አይደል?» የሚሉ አድማጭ የተለመዱ ናቸው። «አዎ» ማለትም «አይሆንም» ማለትም ስሕተት ነው። ጥሩ መልስ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «አባቴ፣ ጤፍ ጥሩ እህል ነው፤ ሆኖም አብዛኛው ክፍሉ እንደ ሌላው እህል ስታርች ስለሆነ ሆድ ውስጥ ሲፈጭ ወደ ስኳር ይለወጣል። የሚወስነው መጠኑና አብሮት የሚበላው ነው። እንጀራውን ቀነስ፣ ጎመኑንና ምስሩን ጨመር ያድርጉ። ስንት እንጀራ እንደሚበቃዎ የሚነግርዎት የስኳር መጠንዎንና መድኃኒትዎን የሚያውቀው ሐኪምዎ ነው።» በዚህ መልስ ውስጥ ለሁሉም የሚሠራው ነገር ተነግሯል፤ ለእርሳቸው ብቻ የሚሠራው ደግሞ ወደሚገባው ቦታ ተመርቷል። የመድኃኒት መጠን፣ የኩላሊት ሕመምተኛ አመጋገብና ክብደቱ የሚቀንስ ሕፃን ጉዳይ በስልክ አይመለሱም፤ በዕለቱ ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩ።

ደረጃ 10፦ ይከታተሉ፤ ዕውቀቱ ሲለወጥም በግልጽ ይናገሩ

የተመልካች ቁጥር መልእክቱ መድረሱን እንጂ ሥራ ላይ መዋሉን አያሳይም። ከአንድ ወር በኋላ መልእክቱ ከተላለፈላቸው ቤቶች ጥቂቶቹን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስትጎበኝ ሁለት ነገር ብቻ ትይ፦ የጨው ዕቃው ክዳን አለው? ጨው የሚጨመረው መቼ ነው? ለጥያቄው መልስ ከመቀበል ይልቅ ዕቃውን ማየት ይሻላል።

የሥነ ምግብ ምክር ይለወጣል፤ ይህንን መደበቅ አያስፈልግም። የአሜሪካ የአመጋገብ መመሪያ ከምግብ የሚገኝ ኮሌስትሮል በቀን ከ300 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ለዓመታት ሲመክር ቆይቶ፣ ከ2015 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ባገለገለው እትም ያንን የቁጥር ገደብ አንሥቷል። ምክንያቱ በብዙ ሰዎች ላይ የደም ኮሌስትሮልን ይበልጥ የሚያንረው በምግብ ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ሳይሆን የረጋ ስብ መሆኑ ግልጽ እየሆነ መምጣቱ ነው። ስለዚህ ቀድሞ እንቁላልን አጥብቆ የከለከለ ዝግጅት ካለ እንዲህ ይታረማል፦ ቀድሞ የተባለው ምን ነበር፣ አሁን የታወቀው ምንድን ነው፣ ያልተለወጠውስ የትኛው ነው። ያልተለወጠው ቅቤና የሚረጋ ዘይት ሲበዛ ለልብ የማይበጅ መሆኑ ነው። እርማቱ መጀመሪያ መልእክቱ በተላለፈበት ሰዓትና ጣቢያ ይተላለፍ፤ ቪዲዮ ከሆነም አሮጌው ከነስሕተቱ እንዳይዘዋወር እርማቱ ከራሱ ከቪዲዮው ሥር በመጀመሪያው መስመር ይጻፍ።